የኔገሊ አራት ባሮች

ጥያቄ፦

በአዲስ አበባ ፒያኖ የምማር ነኝ። አስተማሪዬ ዘንድሮ የቤትሆቨንን የጂ ሜጀር ሶናታ፣ ኦፐስ 31 ቁጥር 1ን፣ ሰጥተውኛል። የምማርበት መጽሐፍ እሳቸው በወጣትነታቸው የተማሩበት ነው፤ ሽፋኑ ስለወለቀ ማን እንዳሳተመው እንኳ አይታወቅም። እሳቸው ሁልጊዜ «ከተጠራጠርሽ ወደ ቀደመው ሂጂ» ስለሚሉኝ፣ የሶናታውን የመጀመሪያ ኅትመት ከአንድ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ አውርጄ ከመጽሐፌ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። በ1803 ዙሪክ የታተመ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ማለቂያ አካባቢ መጽሐፌ ውስጥ የሌሉ አራት ባሮች አገኘሁበት። ግራ ተጋብቼ ስፈልግ ደግሞ በዚያው በ1803 ቦን የታተመ ሌላ እትም አገኘሁ። እሱ አራቱ ባሮች የሉትም፤ የፊት ገጹ ላይ ግን በጣም የታረመ እትም መሆኑን የሚናገር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለበት። ሁለቱም ቤትሆቨን በሕይወት እያለ የወጡ ናቸው። የዙሪኩ ከቀደመ ታዲያ የእኔ መጽሐፍ ተቆርጦ ነው? አራቱን ባሮች ልጫወታቸው? ቁጥር 3ንም ለማጥናት ስለማስብ፣ እሱስ እንዲህ ያለ ጣጣ አለበት? መልሱን አስተማሪዬም ይጠብቃሉ።

የፒያኖ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

አይጫወቷቸው። አራቱ ባሮች የቤትሆቨን አይደሉም፣ ከመጽሐፍዎም የተቆረጠ ነገር የለም። ለፈተና ወይም ለመድረክ ብቻ ከሆነ የጠየቁኝ፣ እዚህ ላይ ማንበብዎን ቢያቆሙ ቅር አይለኝም። ነገር ግን ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ዘርግተው ባር በባር ያስተያየ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ይገባዋል፤ ያገኙት ልዩነት በፒያኖ ኅትመት ታሪክ ውስጥ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነውና። (ዓመታቱን ሁሉ እርስዎ እንዳደረጉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1802 ነው። ቤትሆቨን ያን ዓመት ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኘው በሃይሊገንሽታት ከርሞ ነበር። የመስማት ችግሩ እየባሰ መሄዱን ለወንድሞቹ የገለጸበትን፣ ሳይልከው የቀረውን ዝነኛ ጽሑፍ በጥቅምት ወር የጻፈው እዚያ ነው። ሦስቱን የኦፐስ 31 ሶናታዎች የሠራውም በዚያው ዓመት ነው። ሶናታዎቹን ቃል የገባላቸው ለዙሪኩ አሳታሚ ለሃንስ ጌኦርግ ኔገሊ ነበር። የወንድሙን የንግድ ጉዳይ ይከታተል የነበረው ካርል ግን ለላይፕሲግ አሳታሚ ቢሸጡ ይሻላል ባይ ነበር። የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ፈርዲናንድ ሪስ እንደጻፈው ወንድማማቾቹ በዚህ ነገር እየተጨቃጨቁ መንገድ ላይ እስከ መደባደብ ደርሰዋል። በማግስቱ ቤትሆቨን ሥራዎቹን ወደ ዙሪክ እንዲልክ ለሪስ ሰጠው። ቃሉን አላጠፈም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም የካርል ሐሳብ ተሰሚ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የሚነግረን ያው ሪስ ነው። የታተመው ከዙሪክ ሲመጣ ቤትሆቨን ጠረጴዛው ላይ ይጽፍ ነበር፤ አንተ ተጫወተው፣ እኔ እሰማለሁ አለው። ሪስ ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። ስሕተቱ ብዙ ስለነበር ቤትሆቨን ገና ከመነሻው ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ሪስ የጂ ሜጀሩ ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ማለቂያ ላይ ሲደርስ፣ ከመጨረሻው ማቆሚያ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቤትሆቨን ያልጻፋቸውን አራት ባሮች ተጫወተ፤ የታተመው እንደዚያ ነበርና። ቤትሆቨን ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። ተማሪውን ከፒያኖው ገፋ አድርጎ ይህ የት ተጽፎ ነው ብሎ ጮኸበት። ገጹን ሲያይ ግን ልክ ሪስ እንደተጫወተው ታትሟል። ሪስ ስሕተቶቹን ሁሉ ዘርዝሮ ጽፎ፣ ሶናታዎቹ እንደገና እንዲታተሙ ቦን ወደሚገኘው ወደ ኒኮላውስ ሲምሮክ እንዲልክ ታዘዘ። በእጅዎ ያለው የቦኑ እትም የተወለደው ከዚህ ቁጣ ነው።

ይህን ታሪክ እንደወረደ አይቀበሉት። ሪስ ትዝታውን የጻፈው ነገሩ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ከፍራንትስ ቬገለር ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ የወጣው በ1838 ሲሆን እሱ ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሞቷል። የመጣላቸው ገና ለእርማት የተላከ ረቂቅ ኅትመት እንደነበር አድርጎ ይተርካል። በግንቦት 1803 ካርል የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። ለላይፕሲጉ አሳታሚ ለብራይትኮፕፍ በጻፈው ደብዳቤ የዙሪኩ እትም ሳይታረም መውጣቱንና ስሕተት የበዛበት መሆኑን በጋዜጣቸው እንዲያሳውቁለት ይለምናል። ለሲምሮክም በዚያው ወር ጽፎ ሶናታዎቹን እንደገና ማተም ከፈለገ 80 ያህል ስሕተቶች የተዘረዘሩበት ወረቀት እንደሚልክለት ይነግረዋል። እንግዲያው ሪስ ሲጫወት ፊቱ የነበረው ረቂቅ ሳይሆን ተሸጦ ገበያ የገባው ኅትመት ነበር ማለት ነው። የቁጣው ልክ የሚገባኝም ያኔ ነው። ረቂቅ ይታረማል፤ የተሸጠ ግን አይመለስም።

ኔገሊን መንደርተኛ ነጋዴ አድርገው እንዳይገምቱት። ራሱ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፣ በስዊዘርላንድ የኅብረት ዝማሬ መስፋፋት ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው ሰው ነው። የባኽን ሥራዎች ብዙ ሰው ረስቷቸው በነበረ ጊዜ ያትም ነበር፤ የባኽን የቢ ማይነር ቅዳሴ የእጅ ጽሑፍ ገዝቶ ያቆየውም እሱ ነው። የቤትሆቨን ሶናታዎች የወጡበት ተከታታይ ኅትመት በዘመኑ ያሉትን ምርጥ የክላቪየር ሥራዎች ለመሰብሰብ ያቀደ ትልቅ ሐሳብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለምን አራት ባር ይጨምራል? ለዚህ በጽሑፍ የተወልን ምክንያት የለም። ባሮቹን ሲጫወቷቸው ግን እጁን ያገኙታል፤ ሐረጉ ጎደሎ መስሎት እኩል አድርጎ አሟልቶታል።

እስቲ ሶናታው ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ያስቡት። ከመጀመሪያው ባር ጀምሮ ቀኝ እጅ ከግራው በአንድ አሥራ ስድስተኛ ይቀድማል፤ ሁለት እጆቹን አብሮ ማሳረፍ የማይችል ሰው የሚጫወት ይመስላል። ሁለተኛው ዜማ በዲ ሜጀር ይመጣል ብሎ ለሚጠብቅ አድማጭ ቢ ሜጀር ይመጣበታል። ቤትሆቨን ሆን ብሎ እያሾፈ ነው። ሚዛን ለሚወድ የዙሪክ አርታኢ ይህ ሁሉ ቀልድ ሳይሆን ግድፈት ሊመስል ይችላል፤ የመጨረሻውን ሐረግ ያቃናውም ደራሲውን የረዳው መስሎት ሊሆን ይችላል። አውቆ የሚያርም አርታኢ ከሰነፍ የኖታ ሰሌዳ ቀራጭ የከፋ ጉዳት ያደርሳል የምለው ለዚህ ነው። ሰነፍ ቀራጭ ፍላት ቢረሳ ጆሮዎ ወዲያው ይሰማዋል። የኔገሊ አራት ባሮች ግን ጆሮ አይቆረቁሩም፤ ሥርዓት ያላቸው፣ ቃናቸውም ንጹሕ የሆነ ባሮች ናቸው። ቤትሆቨን በቁጣ ባይነሣ ኖሮ ዛሬ እኛም በደስታ እንጫወታቸው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ቦኑ እትም። ሲምሮክ የቤትሆቨን የወጣትነት ባልደረባ ነው፤ ቤትሆቨን ቪየና ሳይሄድ በቦን ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ ቪዮላ ሲጫወት፣ ሲምሮክ እዚያው ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። ስለዚህ ሥራው የሄደው ለሚያውቁት ሰው ነው። የፊት ገጹን አጉልተው ይዩት፤ በጣም የታረመ እትም ነኝ የሚለው ያ ጽሑፍ ራሱ የፊደል ስሕተት አለበት። እትም የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤን» ተገልብጣ «ዩ» ሆና ታትማለች! ለሳቅ ብቻ አልነገርኩዎትም። የሲምሮክ ቀራጭም ሰው እንደነበረ የፊት ገጹ ላይ ከመሰከረ፣ ውስጥ ገጾቹ ላይም ያንኑ መጠበቅ አለብዎት።

እርስዎ የጠየቁኝ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ነው። እኔ የምጠይቀው ደግሞ እያንዳንዱ ከምን ተቀዳ ብዬ ነው። ቤትሆቨን በገዛ እጁ የጻፈው የእነዚህ ሶናታዎች ቅጂ ጠፍቷል። የዙሪኩ እትም የተቀረጸው ከቪየና ከተላከለት የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከደራሲው ወረቀት በቀጥታ የወረደ እሱ ብቻ ነው። የቦኑ የተቀረጸው ከዙሪኩ ኅትመት ሲሆን የስሕተቶቹ ዝርዝር ተጨምሮለታል። እንግዲህ የቦኑ እትም ራሱን የቻለ ሁለተኛ ምስክር አይደለም። ባብዛኛው የዙሪኩን ቃል የሚደግም፣ 80 ያህል ቦታ ላይ ግን በቤትሆቨን ትእዛዝ የተቃና ምስክር ነው።

ይህ የብራና መጻሕፍትን ላመሳከረ የሀገራችን ሊቅ አዲስ ነገር አይደለም። ከአንድ የተሳሳተ ብራና አሥር ጸሐፍት ቢገለብጡ አሥሩም ያንኑ ስሕተት ይዘው ይወጣሉ፤ አሥር ሆነው ስለተስማሙ እውነት አይሆንም፤ ከሌላ ደብር የመጣ አንድ ብራና ሊረታቸው ይችላል። በኦፐስ 31 ዕዳችን ከሌላ ደብር የመጣ ብራና የሌለን መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር በእጅዎ ላሉት ገጾች ይሄ ነው። ሁለቱ እትሞች ሲለያዩ ልዩነቱ ከሁለት መንገዶች በአንዱ መጥቷል፦ ወይ ከዝርዝሩ የመጣ እርማት ነው፣ ወይ የሲምሮክ ቀራጭ በራሱ እጅ የጨመረው አዲስ ግድፈት ነው። ዝርዝሩ ራሱ ስለሌለን በየቦታው መመዘን ግድ ነው። ቦኑ አንድ ነገር ሲጨምር፣ ለምሳሌ ዙሪክ ላይ የሌለ ፎርቴ ወይም የረሱት ናቹራል ሲያስገባ፣ እርማት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቀራጭ ደክሞት ፎርቴ አይፈጥርም። ቦኑ ሲያጎድል ግን ይጠራጠሩ። ቅስቱ ጠፍቶ፣ ነጥቡ ተትቶ ካገኙት፣ መዘንጋት ነው ብለው ይነሡ። ትልቁ የሚጎድል ነገር አራቱ ባሮች ናቸው፤ እሱ ብቻ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን በሪስ ምስክርነት እናውቃለን። የዙሪኩን ቅስት የቦኑ ሰው አሳጥሮት ወይም አስረዝሞት ያገኙ እንደሆነም እኔ ባብዛኛው ለዙሪኩ አደላለሁ። ቅስት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በእርማት ዝርዝር ላይ በቃል ጽፎ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ 80 ስሕተት ሲዘረዝር የተናደደ ሰው በቅስት ጫፍ ላይ ጊዜውን ያጠፋል ብዬ አላምንም።

ከዚህ የሚከብደው ሁለቱ ተስማምተው እርስዎ ግን ሲጫወቱት ልክ ያልመሰለዎት ቦታ ነው። መስማማታቸው ብዙ አይናገርም፤ ቤትሆቨንና ሪስ ሳያዩት ያለፉት የዙሪክ ስሕተት በቀጥታ ወደ ቦን ተሻግሯል። ያኔ የሚቀረው መንገድ ያንኑ ሐረግ ሌላ ቦታ ሲመለስ እንዴት እንደተጻፈ ማየት ነው። ሁሉም አርታኢ የሚሠራበት መንገድ ነው፣ እኔም እሠራበታለሁ። ግን ይጠንቀቁ፤ ኔገሊም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሐረግ ከሐረግ ማመሳሰል ሲበዛ ደራሲው ሆን ብሎ የለያየውን ነገር መደምሰስ ይመጣል።

በዚህ ረገድ የታወቀው ክርክር የቤትሆቨን ኦፐስ 106፣ ማለትም ሐመርክላቪየር፣ ውስጥ ያለው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዋናው ዜማ ከመመለሱ በፊት ባሉት ባሮች፣ በ1819 የወጡት እትሞች እንዳሉ ከተነበቡ ኤ ሻርፕ ይሰጣሉ፤ ናቹራል ምልክት የለባቸውም። ብዙ ሰው ግን እዚያ ቦታ ላይ ቃናው ኤ ናቹራል ይፈልጋል፣ ቤትሆቨን ምልክቱን ረስቶታል ይላል። የዚያ ሶናታ የእጅ ጽሑፍም ጠፍቷል። እኔ ኤ ናቹራል እጫወታለሁ፤ ኤ ሻርፕ የሚጫወት ሰው ስሰማ ግን አላርመውም፤ የታተመው ከእሱ ጋር ነውና።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ የሚያወርዷቸውን ቅጂዎች ሲያስተያዩ ሊያሳስትዎ ስለሚችል ነው። በዚያ ዘመን ኖታ የሚታተመው ለስላሳ ከሆነ የብረት ቅይጥ ሰሌዳ ላይ ተገልብጦ ተቀርጾ ነው። የኖታው ራስና ቁልፉ በመምቻ ይመታል፣ ዘንጉና ቅስቱ በመቅረጫ ይሳባል። ስሕተት ሲገኝ ሰሌዳው ከጀርባው ተቀጥቅጦ ያ ቦታ ይስተካከልና እንደገና ይመታል። ሰሌዳው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይታተምበታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የፊት ገጽና አንድ ዓይነት የሰሌዳ ቁጥር ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ከመታረሙ በፊት፣ ሌላው ከታረመ በኋላ የታተመ ይሆናል። የሰሌዳ ቁጥሩን ከገጹ ግርጌ ያገኙታል። ኖታ ላይ ዓመት መጻፍ የተለመደ ስላልነበር አጥኚዎች ዕድሜውን የሚገምቱት ባብዛኛው በዚህ ቁጥር ነው። ሽፋን የሌለውን የአስተማሪዎንም መጽሐፍ ግርጌ ይዩልኝ፤ እዚያ የተጻፈው ቁጥር አሳታሚውን ሊነግርዎ ይችላል።

ሌላ እትም ሲፈልጉ ደግሞ «ኦፐስ 29» የሚል ቢያጋጥምዎ ሌላ ሥራ አይምሰልዎ። የቪየናው ጆቫኒ ካፒ እነዚህኑ ሶናታዎች በዚያ ቁጥር አሳትሟል።

አሁን ከኦፐስ 31 የተማሩትን ወስደው ሁሉም ቦታ ላይ እንዳይሠሩበት አስጠነቅቅዎታለሁ። አስተማሪዎ ከተጠራጠርሽ ወደ ቀደመው ሂጂ ማለታቸው በዚህ ሶናታ አላስኬደም፤ ግን «ከተጠራጠርሽ ወደ ታረመው ሂጂ» ብለን ብንተካውም ሌላ ቦታ ያሳስተናል።

ሾፓንን ይውሰዱ። እሱ በፓሪስ እየኖረ አንዱን ሥራ ለሦስት አገር አሳታሚዎች ይሸጥ ነበር፤ ለፓሪስ፣ ለላይፕሲግና ለለንደን። ድንበር የሚሻገር የቅጂ መብት ስላልነበረ፣ በሦስቱም አገር በተቀራራቢ ጊዜ ካልወጣ ሌላው ያለ ክፍያ ያትመዋል። ለአንዱ የእጅ ጽሑፉን፣ ለሌላው ጓደኛው የገለበጠውን ወይም የፓሪሱን ረቂቅ ኅትመት ይልካል፤ በመካከሉ ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል። ስለዚህ የሾፓን ሦስት እትሞች ሲለያዩ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለተማሪዎቹ ደግሞ በታተመው ኖታ ላይ በእርሳስ ሌላ ጌጥ ይጽፍላቸው ነበር፤ የጄን ስተርሊንግና የካሚል ዱቧ ቅጂዎች ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ይሄ ሁሉ ልዩነት ለቤትሆቨን የመጣላት ምክንያት ነበር፤ ለሾፓን ግን ኑሮው ነው።

ያም ሆኖ ሾፓን ላይ ጥርት ያለ ስሕተትም አለ። በ1840 የወጣው የቢ ፍላት ማይነር ሶናታ፣ ማለትም የቀብር ማርሹ ያለበት ኦፐስ 35፣ በአራት ከባድ ባሮች ይከፈትና ፈጣኑ ክፍል ይጀምራል። ተመልሶ ሲደገም ከየት ይነሣ? የላይፕሲጉ እትም ከአራቱ ባሮች በኋላ የመድገሚያ ነጥቦች ስላደረገ፣ ከዚያ የተቀዱት ብዙ መጻሕፍት ከፈጣኑ ክፍል ያስነሡታል። ፒያኒስቱና ጸሐፊው ቻርልስ ሮዘን ይህ ነጥብ ስሕተት ነው፣ የሚደገመው ከመጀመሪያው ባር ነው ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። ፒያኖ ላይ ይሞክሩት። የሚደገመው ክፍል ማለቂያ ወደ አራቱ ባሮች ሲመለስ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሁሉ ይገጥማል፤ ወደ ፈጣኑ ሲመለስ ግን ይሰበራል። እኔ ከሮዘን ጋር ነኝ። አብዛኛው ቀረጻ ግን ለረጅም ጊዜ የላይፕሲጉን ነጥብ ሲከተል ኖሯል።

እስካሁን ደራሲ ተቆጥቶ፣ ደራሲ ሐሳቡን ቀይሮ አየን። ደራሲው ራሱ ልዩነቱን የፈቀደበትም አለ፤ ያው ሐመርክላቪየር ነው። በ1819 ለንደን ላይ ሊያሳትምለት ለነበረው ለሪስ (አዎ፣ ያው ሪስ ነው) በጻፈው ደብዳቤ ቤትሆቨን የፉጋውን መግቢያ መተው፣ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል መቀየር እንደሚቻል ፈቅዶለታል። የለንደኑ እትምም ቀርፋፋውን ክፍል ከስኬርትሶው አስቀድሞ ነው የወጣው። ያንን ተከትሎ ዛሬ የሚጫወት ሰው ደራሲው በፈቀደው ነው የሚሄደው፤ ይሁንና ፈቃዱ የገንዘብ እንጂ የሙዚቃ አይመስለኝም። በኦፐስ 31 በአራት ባር ከወንበሩ የዘለለ ሰው ሙሉ ክፍል እንዲቀያየር ሲፈቅድ ለንደን ውስጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈልግ ነው የሚታየኝ።

ማስተያየት የሚባለው ሥራ ምንም የሚፈይደው ነገር የሌለበትም አለ። ፉር ኤሊዝን ሁሉም ጀማሪ ያውቃታል። የታተመችው ቤትሆቨን ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1867 በሉድቪግ ኖል ነው። ኖል አየሁት ያለው የእጅ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። ሰባተኛው ባር ላይ ቀኝ እጅ ሁለተኛውን ኖታ ኢ ይምታ ወይስ ዲ? ኖል በመጀመሪያው ቦታ ኢ፣ ያው ሐረግ ሲመለስ ግን ዲ አድርጎ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ መጻሕፍት ወይ ሁሉንም ወደ ኢ፣ ወይ ሁሉንም ወደ ዲ አስማምተዋል። መቶ መጽሐፍ ቢያስተያዩ መቶውም የኖል ልጆች ናቸው። የተረፈው ሌላ ምስክር ቦን በቤትሆቨን ቤት ያለው የቤትሆቨን ረቂቅ ነው፤ እሱም ዲን ይደግፋል። ልጅ እያስተማሩ ኢ የሚል መጽሐፍ ካለዎት አይጨነቁ፣ ዲ ይጫወት ብለው በእርሳስ ይጻፉለት።

ወደ እርስዎ ሶናታ ልመለስ። ለዕለት ልምምድዎ በአርታኢ ያልተጫነ፣ ምንጮቹን በማስታወሻ የሚዘረዝር የዘመኑ ኡርቴክስት መጽሐፍ ይያዙ፤ የሙኒኩ ሄንለ፣ ባረንራይተር ወይም ቪየነር ኡርቴክስት ይበቃዎታል። ከመጽሐፉ ጀርባ ወይም መጨረሻ ያለውን ትንሽ ፊደል ማስታወሻ አይዝለሉት። እርስዎ ያደረጉትን ማስተያየት አርታኢው እያንዳንዱን ባር እየጠቀሰ አስቀምጦታል፤ የእርስዎን ዝርዝር ከእሱ ጋር ሲያመሳክሩ የት እንደተስማማችሁ፣ የት ደግሞ እሱ ያለፈውን እርስዎ እንዳዩት ያውቃሉ። የአርቱር ሽናብልና የዶናልድ ቶቪ እትሞችን ካገኙ ደግሞ ምክራቸውን ያንብቡ። ጣት፣ ፔዳልና ቴምፖ ላይ ብዙ ያስተምራሉ። የጨመሩትን ምልክት ግን የቤትሆቨን አድርገው እንዳይጫወቱት።

የዙሪኩንም አይጣሉት። ከላይ እንዳልኩት ከደራሲው ወረቀት በቀጥታ የመጣ እሱ ብቻ ነው፤ አራቱ ባሮች ስላሉበት የተቀረውን ሁሉ ማንቋሸሽ የቸኮለ ፍርድ ነው። ለአስተማሪዎም አራቱን ባሮች አንድ ጊዜ ጨምረው፣ አንድ ጊዜ ትተው ይጫወቱላቸው። ሲጨመሩ ሁሉ ነገር ልክ ይሆናል፤ ሲተዉ ሐረጉ ከሚጠበቀው ቀድሞ ይቆማል። ይህ ቀድሞ መቆም የመጀመሪያው ባር ላይ ቀኝ እጅ ከግራው የቀደመበት ቀልድ የመጨረሻ መልስ ነው ብዬ ነው የማነብበው፤ እሳቸው ሌላ ካሉም ልሰማ እወዳለሁ።

ቁጥር 3፣ የኢ ፍላት ሜጀሩ፣ ከሁለቱ ጋር አልወጣም። ኔገሊ ቁጥር 1ንና 2ን በ1803 አውጥቶ ሦስተኛውን በተከታዩ ዓመት ለብቻው ከቤትሆቨን የቀድሞ ሥራ ከፓቴቲክ ጋር አድርጎ አሳተመው። እዚያ ላይ የኔገሊ ተጨማሪ ባር የሚባል ታሪክ የለም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን እንደ ወንድሞቹ ጠፍቷልና ዙሪክን የሚመዝኑበት መንገድ አይቀየርም። ቁጥር 2ን፣ የዲ ማይነሩን፣ መሐል ላይ አይዝለሉት፤ በዚያው በኔገሊ ቅጽ ውስጥ ከሶናታዎ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው፣ የካርል 80 ስሕተቶችም የሁለቱ ናቸው።